በትዕግስት ስም የመጣችው ልጅ

በስደት በምኖርባት ከተማ መሀል፣ ዳውንታውን፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ያለው የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ሊፈርስ ዙሪያውን መታጠሩን ያየሁት ባለፈው ሰሞን ለዓይኔ ሐኪም ጋ ስሄድ፣ በአውቶቡስ መስኮት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። መግቢያው ላይ ከስልክ ቤት እምብዛም የማትሰፋ የመስታወት ክፍል ነበረችኝ፤ ቡዝ ነበር የምንላት። ኋላ በቦታዋ ካርድ የሚውጥ ማሽን አቆሙ። ያኔ ግን ውስጧ ሰው ነበር። ከእግሬ ሥር ሽቦው የሚቀላ ትንሽ ማሞቂያ፣ ከራሴ በላይ የምትርገበገብ አምፖል፣ ከጎኔ ካሴት የምታጫውት ሬዲዮ። ካሴቶቹን ከክሊቭላንድ አቬኑ የሐበሻ ሱቅ ነው የምገዛው፤ ስለተደጋገሙ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ሳይቀር አውቀው ነበር። ዩኒፎርማችን እጅጌው ከጣቴ አልፎ የሚንጠለጠል ሰማያዊ ጃኬት ነው፤ ከሥሩ የራሴን ሹራብ እደርባለሁ። ቀኑን ሙሉ ማቆሚያው ስድስት ዶላር ነበር፤ የሺህ ዶላር ከረባት ያሰረ ጠበቃ ስድስቷን ሲያወጣ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ከማዶው ማዕዘን አንድ ግሪካዊ ሽማግሌ ሾርባ ይሸጣል፤ ዓርብ ዓርብ ዕለት ምስሩን ለእኔ ያስቀርልኝ ነበር፤ ጾሜን ያውቃል። እሱም ሱቁም ዛሬ የሉም። አውቶቡሱ አልፎ ከሄደ በኋላም አንገቴን አዙሬ ሳይ ነበር፤ ያየሁት ግን ፎቁን አልነበረም። አንዲት ልጅ ናት የታየችኝ።

አዲስ አበባ ሳለሁ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የዳኛ አማርኛ ጣቶቼ ላይ ነው ያለው፤ «መዝገቡ ተመርምሯል» ሲባል ቀሪውን ሳይነግሩኝ መጨረስ እችላለሁ። ስደቱንና ካምፑን እዘለዋለሁ፤ የኔ ዘመን ሰው ሁሉ የየራሱ አለው። ብቻ ወረቀት መጠበቅ ምን እንደሆነ፣ አንዲት ፊደል ተሳስታ ሰው እንዴት ዓመት እንደሚቀመጥ በደንብ አውቃለሁ። እና አንድ ክረምት፣ በረዶው ጉልበት ሲደርስ፣ በየቀኑ መኪናዋን እኔ ጋ የምታቆም ሊንዳ የምትባል ሴት ውዳሴ ማርያም ሳነብ አየችና ጽሑፉ የምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የኢትዮጵያ ነው ስላት ዓይኗ በራ። ከኢትዮጵያ ልጆችን በጉዲፈቻ ለሚያመጣ ድርጅት ነው የምትሠራው፤ ወረቀቶቹ በአማርኛ ይመጣሉ፤ የሚተረጉምላቸው ሰው ደግሞ ከተማውን ለቆ ሄዷል። በማግስቱ በመስኮቴ አንድ ወፍራም ፖስታ አስገባችልኝ። ተርጓሚ የሆንኩት እንደዚህ ነው፤ ጃኬቴን ሳላወልቅ።

ወረቀቶቹ የሩቅ ሽታ ነበራቸው፤ የማኅተም ቀለም፣ የጭስ፣ አንዳንዴ የበርበሬ። የልደት ማስረጃ፣ የሞት ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ። እያንዳንዱን እንግሊዝኛ አደርግና ከሥሩ «እኔ ዘውዴ የተባልኩት ሁለቱን ቋንቋዎች አጥርቼ እንደማውቅ፣ ትርጉሙም ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብዬ ፊርማ የሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት እፈርማለሁ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በሬዲዮዬ ዘፈን ስር አንድ ልጅ እናት ሲያገኝ፣ አንዲት መካን ልጅ ስታገኝ ይታየኛል። እየቆየ ግን አንድ ነገር ያስተክዘኝ ጀመር። «አባቱ በአጭር ሕመም ሞቷል፤ እናቱ ለማሳደግ አቅም የላትም።» ይቺ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ትከተለኛለች። ያው ቃል፣ ያው አራት ነጥብ፣ «ሕመም» የሚለው ላይ ያው የታይፕ ስሕተት። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሦስት ልጆች አባት በአንድ ዓይነት ቃል ሲሞት አየሁ። ታይፒስት ነበርኩና ጸሐፊው ሰነፍ ነው አልኩ። እኛም ቤት ነበረ፣ ፎርም ገልብጦ ስም ብቻ የሚቀይር። ስለዚህ ገፁን ገለበጥኩ።

የትዕግስት ፋይል ግን የሰው ድምፅ ነበረው። ከአርሲ በኩል ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣ አቶ በላይ የሚባሉ ዓይነ ስውር አባት ለፍርድ ቤት የሰጡት ቃል ነው። ጸሐፊው እንዳለ ያወረደው ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። «እናቷ ሞታለች። እኔ ዓይኔ አያይም። ዓምና እሳት ላይ ወድቃ የግራ ክርኗ ሲቃጠል ጩኸቷን እየሰማሁ የት እንዳለች ማግኘት አቃተኝ። ስለዚህ የሚያይ ሰው ያሳድግልኝ።» ከሥሩ አውራ ጣታቸው በሐምራዊ ቀለም ታትሟል። ያን ቀን አንድ ጠበቃ ትኬቱን ዘርግቶ ሲጠብቀኝ አላየሁትም። ከፋይሉ ጋር ከልጆች ማሳደጊያው የመጣች ትንሽ ፎቶ ነበረች፤ ራሷን የተላጨች የስድስት ዓመት ልጅ፣ ቅንድቦቿ መሀል ላይ የተገናኙ፣ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ጎን የቆመ ሰው የምታይ።

ወሳጆቿ ጁዲና ማርክ ናቸው፤ ዌስተርቪል የሚኖሩ ደግ ባልና ሚስት። ጁዲ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ትልልቅ አበባ ያለበት ቀሚስና የገመድ ጫማ ታደርጋለች። ፎቶዋን ገና ፋይሉ ሳያልቅ ፍሪጅ ላይ ለጥፋ ስምንት ወር ሙሉ ማታ ደህና እደሪ፣ ጠዋት እንደምን አደርሽ ስትላት ከረመች። ፍርዱ አልቆ፣ ፓስፖርት ወጥቶ፣ ቪዛው ሲደርስ ሁለቱም ሄደው ይዘዋት መጡ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጁዲ ኮል አደረገችልኝ። ልጅቷ ጥሩ ትበላለች፣ አታለቅስም፤ ግን አልጋው ላይ ጥግ ይዛ ትተኛና ግማሹን ባዶ ትተወዋለች። ዳቦዋን ከሁለት ቆርሳ ግማሹን ትራሱ ላይ ታኖራለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፍሪጁ ፊት ቆማ በራሷ ቋንቋ ታወራለች። ምን እያለች እንደሆነ መጥተሽ ንገሪን አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን እንደለበስኩ ሄድኩ። ወጥ ቤታቸው ፀሐይ ሞልቶታል፤ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ እንዲያ ያለ ነገር በጨለማ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ልጅቷ ስትረግጠው የሚበራ ጫማ አድርጋለች። ነጠላዬን አይታ መጣችና ጫፉን ያዘች። ጎንበስ ብዬ «ደህና ነሽ ትዕግስትዬ?» አልኳት። ፊቷን ቀረብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ቅንድቦቿ እንደ ክር የቀጠኑ፣ የተራራቁ ናቸው። ጁዲ ከኋላዬ ሆና ፎቶውን እያሳየች፣ ልጆች እንዴት ቶሎ እንደሚለወጡ፣ ፀጉሯ ሲያድግ ፊቷ ሁሉ ሌላ እንደሆነ እየሳቀች ታወራለች። ልጅቷ እጄን ጎትታ ፍሪጁ ጋ ወሰደችኝና ፎቶዋ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ትዕግስት እቺ ናት» አለች። «እኔ አይደለሁም። እሷ ታማ ተኝታ አልነቃም አለች። ጠቅልለው ወሰዷት። ከዚያ በሷ ቦታ አንቺ ትሄጃለሽ አሉኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብለውኛል።»

እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። እንዲያውም ቀጥላ፣ ጠዋት ጠዋት ለትዕግስት ቁርስ ምን እንደተበላ እንደምትነግራት አጫወተችኝ። የብርቱካን ጭማቂ ያለበት ጆግ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማርክ ሊቀዳልኝ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ትዝ ይለኛል። ሁለቱም አፌን ያያሉ። ጁዲ «ምን አለች?» አለችኝ፤ ፈገግታዋ ገና አልጠፋም።

ፍርድ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ቃል ሲሰጥ እንዳለ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ግን በዚያች ቅጽበት የታየኝ ወረቀቱ ነው። ይቺ ልጅ ትዕግስት ካልሆነች ማን ናት? ፓስፖርቷ የማን ነው? ቪዛዋ? እኔ አራት ዓመት ካምፕ ውስጥ የከረምኩት በአንዲት ፊደል ስሕተት ነው፤ ይቺ ደግሞ እንዳለች ስሕተት ናት። መልሰው ይልኳታል አልኩ፤ ወደዚያው «እንዳትናገሪ» ወዳሏት ሰዎች። ቀና ብዬ፣ «ይቺ እኔ ሕፃን ሆኜ ነው ትላለች። ጓደኞቿም ናፍቀዋታል» አልኩ በእንግሊዝኛ። ጁዲ እንባዋ መጣና ልጅቷን አቀፈቻት። ልጅቷ ግን በጁዲ ትከሻ ላይ አገጯን አሳርፋ እኔን ነበር የምታየኝ። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ያልኩትን ሊገባት አይችልም፤ ግን አየችኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳዞር ነው አንድ ነገር የመጣልኝ፤ «አንቺስ ማን ነሽ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ወርጄ ልጠይቃት ግን አልተመለስኩም።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት ልደት ይጠሩኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ልደት ነው፤ የትዕግስት። ኬኩ ላይ ስሟን በሮዝ ክሬም ጽፈው፣ ሻማ ለኩሰው ሲዘፍኑ እኔም አብሬ እዘፍናለሁ። ግድግዳው ዳር ቆሜ፣ ይህ ሁሉ ሰው ለማን ነው የሚያጨበጭበው እላለሁ በሆዴ። ልጅቷ ሻማውን ከማጥፋቷ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ትቆያለች፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲያጠፋ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ አማርኛዋ አለቀ። ባናግራት በእንግሊዝኛ እንኳ አትመልስልኝም፤ ትከሻዋን ነቅንቃ ትሄዳለች። ፍሪጁ ላይ ያለውን ፎቶም ማናገር ተወች። እፎይ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አንድ ልጅ ሁለተኛ የሞተች ያህል ነው የተሰማኝ። የዓመቱ የክትትል ሪፖርት ደግሞ አለ። የድርጅቱ ሶሻል ወርከር ልጅቷን አይታ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ወደ ኢትዮጵያ ይላካል፤ ወላጅ ከጠየቀ ይነበብለታል። «ትዕግስት በዚህ ዓመት አምስት ሴንቲ ሜትር አድጋለች። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ዋና ተምራለች።» በዚያች ቡዝ ውስጥ፣ መኪና በገባና በወጣ መሀል፣ አንዲት የሞተች ልጅ በእጄ ጽሑፍ ታድጋለች። ቁመቷን እኔ ነኝ የምጨምርላት። አንዳንዴ ብዕሬን አንስቼ የመስታወቱን ጭጋግ ስጠርግ ውጭ ቆማ ትኬት የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሊንዳ አንድ ደብዳቤ አመጣችልኝ። አቶ በላይ ናቸው፤ በወረዳው ጸሐፊ እጅ ያጻፉት። ሪፖርቱ ሲመጣ ከቀያቸው ወረዳው ጽሕፈት ቤት ድረስ እየተመሩ ሄደው ያስነብባሉ። ፎቶው ለእሳቸው ምንም ስለማይጠቅም ጸሐፊው ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ልጄን ስላሳደጋችሁ እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ። ስለ ዋናው ተደስተዋል፤ ውሃ ከእሳት ይሻላል ይላሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለች፦ «የክርኗ ጠባሳ እንዴት ሆነ? ልብስ ሲነካው ያማት ነበር።» ደብዳቤውን ለጁዲ በስልክ አነበብኩላት። ቆይ ብላ ልጅቷን ጠርታ ሁለቱንም ክርኖቿን አየች። ተመልሳ በደስታ፣ ምንም የለም፣ ድራሹ ጠፍቷል፣ ሕፃን እንዴት ቶሎ ይድናል አለችኝ። አጥንት ድረስ የገባ እሳት ድራሹ እንደማይጠፋ ሁለታችንም ማወቅ ይገባን ነበር። እሷ አላወቀችም፤ እኔ አወቅኩ። የያዝኩት ብዕር ከማሞቂያው ጎን ቆይቶ ይፋጅ ነበር። «ጠባሳው ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም እንደ ወትሮዬ አረጋግጣለሁ ብዬ ፈረምኩ። ከአቶ በላይ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

ከዚያ ዘመኑ ሄደ። ጉዲፈቻው ቆመ፣ ድርጅቱ ተዘጋ፣ ሊንዳ ወደ ፍሎሪዳ ሄደች፤ የልደት ጥሪውም ቀረ። ማሽኑ ሲመጣ እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ሪከንባከር የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ዕቃ ስቆጥር ኖርኩ። ልጆቼ ወለዱ። ስለዚያች ልጅ ለንስሐ አባቴ እንኳ በደንብ አልተናገርኩም፤ «ዋሽቻለሁ» ብቻ ነው ያልኩት፤ ውሸት ብዙ ዓይነት ነውና አልጠየቁኝም።

ፎቁ መታጠሩን ባየሁ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አንዲት ወጣት ሴት በእንግሊዝኛ፣ «ሚስ ዘውዴ ነሽ? ስምሽን ወረቀቶቼ ላይ በየገጹ አገኘሁት» አለችኝ። በማግስቱ ቤቴ መጣች። ከፍ ያለች፣ የሆስፒታል ሰማያዊ ልብስ ላይ ካፖርት የደረበች፤ ከሺፍት ነው የወጣችው። የትንፋሽ መሣሪያ ባለሙያ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ተከራይታ ትኖራለች። ቲጊ ነው የሚሏት። ቅንድቦቿ ያው ናቸው፣ እንደ ክር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመጣችበትን ነገረችኝ፦ ወላጅ አባቷን ፈልጋ አግኝታቸዋለች። እዚያ አገር የጉዲፈቻ ልጆችን ቤተሰብ የምታፈላልግ ሰናይት የምትባል ሴት ናት ያገኘችላት። አቶ በላይ በሕይወት አሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት በኛ ሁለት ሰዓት፣ በእነሱ ዘጠኝ ሰዓት በስልክ ይነጋገራሉ፤ አስተርጓሚ ትፈልጋለች። እሺ ለማለት አፌን ስከፍት ከቦርሳዋ አንዲት የደበዘዘች ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆመሽ ትዝ ትይኛለሽ አለችኝ። ነጭ ልብስ ለብሰሻል፣ አንድ ነገር እነግርሻለሁ፣ ፊትሽ ይለወጣል፤ ከዚያ ለእናቴ የምትነግሪያት ግን እኔ ያልኩትን አይመስለኝም አለች። ዕድሜዋን ሁሉ ያ ፊት አልተዋትም። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ያን ቀን ምን ብዬሽ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ቅዳሜ አባት ታገኛለች፤ ሽማግሌው ልጅ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ሁሉም ወረቀት ላይ ልክ ነው። ግን ያቺ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሆና ያን ከካሜራው ጎን የቆመ ሰው ታያለች፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ ያን ያህል ዓመት። ነገርኳት። ቃል በቃል፣ እሷ እንዳለችው፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። የጠባሳውንም ነገርኳት። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁም ነገርኳት፤ ምክንያቴ በእንግሊዝኛ ሲሆን አነሰብኝ።

አላለቀሰችም። ሥራዋ ይሁን ምን እንጃ፣ እስትንፋሷን ነው የተከታተለችው፤ አየሁት። ሁልጊዜ ሁለት እንደሆንን አውቅ ነበር አለች በመጨረሻ። አሁንም አልጋዋ ላይ ጥግ ይዛ እንደምትተኛ ነገረችኝ። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀች። «ስሜ ማን ነው አልኩሽ?»

«አልጠየቅኩሽም» አልኳት። ጥሪውን እንሰርዘው ወይ ብላት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ሰውዬው ልጃቸውን እየጠበቁ ነው፣ አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ከጠረጴዛዬ መሀል አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው። ዝናብ ነበር እዚያ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል። ሰናይት አገናኘችንና ራቅ አለች። እኔ አቶ በላይን ሰላም ብዬ እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

«መጀመሪያ እኔ ልናገር» አሉ። ድምፃቸው ካሰብኩት ይልቅ የወጣት ነው። «ልጅቷ እንዳትፈራ። የኔ ልጅ እንዳልሆነች አውቃለሁ።»

ተረጎምኩ። ቲጊ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እሳቸው ቀጠሉ። ያን ጠባሳ በጣታቸው ያውቁታል፤ ማታ ማታ ቅባት የሚቀቡላት እሳቸው ነበሩ። እንደ ገመድ የተቋጠረ ነበር፤ እንኳን በሦስት ዓመት በሠላሳም አይጠፋም። ጸሐፊው «ጠፍቷል» ብሎ ሲያነብላቸው ልጃቸው መሞቷን አወቁ። ለማንም አልተናገሩም፤ ዕውር ምን ያውቃል እንደሚሏቸው ያውቃሉና። ያንን የጻፈው ሰው ክፉ አልነበረም መሰለኝ፣ ሊያስደስተኝ ብሎ ነው አሉ። ይህንንም መተርጎም ነበረብኝ። ተረጎምኩና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ፣ «እኔ ነኝ የጻፍኩት ጋሽ በላይ» አልኳቸው።

ቲጊ አማርኛው ባይገባትም ዓይኔን አየች።

«እሺ» አሉ ቆይተው። «ተርጉሚ እህቴ። አትተዪ።»

ሰናይት እንደነገረችን ከዚያ ደብዳቤ በኋላም በየዓመቱ እየሄዱ ሪፖርቱን ያስነብቡ ነበር። ቲጊ ለምን ብላ አስጠየቀችኝ። አባት እንደሌላት ስለገባኝ ነው፣ አንድ የሚጠይቅላት ሰው ይኑር ብዬ ነው አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አሁን እኔ ልጠይቃት። ልጄን የት አደረጓት?»

ቲጊ ዓይኗን ጨፈነች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚመላለስባት ሕልም እንዳለ፣ ጁዲ ሐኪም ጋ ሳይቀር ወስዳት ሐኪሙ ፊት ሥላው እንደነበር ነገረችኝ፤ ሕልም ነው ብለዋታል። በብረት እግር የቆመ የውሃ ታንከር። ሥሩ ሁልጊዜ ጭቃ። ሁለት ሴቶች ቢጫ ብርድ ልብስ ይዘዋል፣ አንድ ዘበኛ ይቆፍራል። እሷ በመስኮት ታያለች። እያንዳንዷን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አወረድኩ። ሰናይት ከሩቅ ሆና ታንከሩ ዛሬም አለ አለች፤ ግቢው የእህል መጋዘን ሆኗል። አቶ በላይ ከታንከሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁ። ቲጊ ዓይኗን ሳትገልጥ ቀኝ እጇን አነሳችና ወጥ ቤቴ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው፤ እንደገና ስድስት ዓመቷ ሆኖ ነበር። በአጥሩ በኩል፣ ድንጋዩ ካለበት አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቄስ ይዘው እዚያው ፍትሐት እንዳስደረጉላት ሰምተናል፤ ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ሌላ ስለሆነ ነው።

ያን ቅዳሜ ግን፣ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። አለሁ አሉ አቶ በላይ። ልጃቸውን ማሳደጊያው ካስገቡ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄደው ጠይቀዋታል። ሁለቱንም ጊዜ አንዲት ልጅ ከጎኗ አትጠፋም ነበር፤ ባንድ አልጋ ነው የምንተኛው ብላቸዋለች። የወሰዱላትን ዳቦ ከሁለት ስትቆርሰው ሰምተዋል። ያቺ ልጅ በር ላይ የተጣለች፣ ወረቀት የሌላት ናት ብለው ሠራተኞቹ ሲያወሩም ሰምተዋል።

«እሷ መሆን አለባት» አሉ። «ሌላ አላውቅም። ልጄ ስትጠራት የሰማሁት ሙሉ ስትል ነው። ሙሉነሽ ትሁን ሙሉወርቅ ግን አላውቅም። ግማሹን ነው የማውቀው።»

ይህን ለመተርጎም አፌን ከፈትኩ። ስሙ ከሌላው ተለይቶ እንዲሰማት ከየት ልጀምር እያልኩ ነበር። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት አንዲት የአማርኛ ቃል አልወጣትም፤ ሰላም እንኳ ስላት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። አቶ በላይ ግን አልጠበቁኝም። ልጃቸው ትጠራት እንደነበረው ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፃቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው፣ «ሙሉ?» አሉ።

ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው።

«አቤት» አለች።